«በእኔ ይሁን» ብለሽ ያስፈረምሽው ልጅ

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከጎንደር ናት፣ ማራኪ አካባቢ ነው የምትኖረው። ደብዳቤዋ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስነብባችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። እድሜዬ 31 ነው፣ በአንድ የመንግስት መስሪያ ቤት የግዥና ንብረት ቡድን መሪ ከሆንኩ ሁለተኛ አመቴ ነው። ለዚህ ቦታ ያበቁኝ ሃላፊያችን ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። አባቴ ሲሞት እስከ አርባው ድረስ ከቤታችን አልጠፉም፣ እናቴ ስትታመም ራሳቸው ይዘው ሄደው አሳክመውልኛል፣ ለኔ እንደ አባት ናቸው። ሰኔ መጨረሻ ላይ 15 ዴስክቶፕ ገዝተን ነበር፣ አቅራቢው መንገድ ተዘጋብኝ እያለ ሳያደርስ ሰኔ 30 ደረሰ። ጋሼ ‹ብሩ ተመላሽ ከሚሆን ገቢ አድርጉትና ይከፈለው፣ በሳምንት ውስጥ ይገባል› አሉኝ። ንብረት ክፍል ያለው ልጅ ከደንቢያ የመጣ ገና ስምንት ወሩ የነበረ ነው፣ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ቁረጥ አልኩት፣ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፣ በእኔ ይሁን ስለው ፈረመ። አሁን ህዳር ነው፣ የገባው 10 ብቻ ነው፣ እሱም ውሉ ላይ ራሙ 16 ጊጋ ይላል የመጣው 8 ነው። ኦዲተሮች በቅርብ ይመጣሉ ተብሏል። ጋሼ ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ ‹ቆጥሮ መረከብ የንብረት ክፍል ስራ ነው፣ እኔና አንቺ ምን አገባን› አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ አንድ ብር ወስደዋል ብዬም አላምንም። የጨነቀኝ እሳቸውን ሳላስቀይም ከዚህ ነገር እንዴት ልውጣ የሚለው ነው። ጥር ላይ ደግሞ ልጃቸውን ይድራሉ፣ ሚዜ ነኝ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሶስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው እንዳንቺው ሃሳቤ ሁሉ ጋሼ ላይ ነበር። በሁለተኛው ስለ ኦዲቱ አሰብኩ። በሶስተኛው ግን አይኔ አንዲት ቦታ ላይ ቀረ፣ «ትንሽ አንገራግሮ ነበር፣ በእኔ ይሁን ስለው ፈረመ» የምትለዋ ላይ። ይቺን ቸኩለሽ ነው ያለፍሻት። ጋሼ ደብዳቤው ውስጥ ከላይ እስከ ታች አሉ፣ አባትሽ ልቅሶ ላይ አሉ፣ እናትሽ ህመም ላይ አሉ፣ ሰርጉ ላይ አሉ፣ ልጁ ግን አንዲት መስመር ነው የደረሰችው። የጠየቅሽኝ ከጋሼ ጋር ሳትቀያየሚ እንዴት እንደምትወጪ ነው፣ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ልጁ ካላወራን ስለ ጋሼ ብናወራ ምንም አይጠቅምሽም ባይ ነኝ፣ ቅር አይበልሽ።

እስኪ ያን ቀን መልሰሽ አስቢው። የሰኔ መጨረሻ ዝናብ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ፣ ልጁ መጋዘን ውስጥ ነው፣ የሞዴል 19ኙ ጥራዝ ካርቦኑ ገብቶለት ከፊቱ ተከፍቷል፣ ዴስክቶፖቹ መደርደር የነበረባቸው ቦታ ላይ ባዶ መደርደሪያ አለ፣ ቡድን መሪዋ ደግሞ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችው ነው። ስምንት ወር የሰራ ልጅ ነው፣ ቋሚ ለመሆኑ እንኳ እርግጠኛ ላይሆን ይችላል፣ ቤት ኪራይ አለበት፣ ደንቢያ ያሉ ቤተሰቦቹ ልጃችን ጎንደር ስራ ያዘልን ብለው ለጎረቤት አውርተዋል። በዚህ ሁሉ መሃል አንገራገረ። አንገራገረ እኮ! ማንገራገሩ ስራውን ያውቅ እንደነበር ነው የሚያሳየው፣ ያልመጣ እቃ መጣ ተብሎ እንደማይፈረም ያውቅ ነበር። በዛች ሰአት እናንተ መስሪያ ቤት ውስጥ ስራውን በትክክል እየሰራ የነበረ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው፣ እሱን ዝም ያሰኘሽው ደግሞ አንቺ ነሽ። ከባድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይሄን ሳልነግርሽ ስለ ሌላው ብመክርሽ እየዋሸሁሽ ነው።

«በእኔ ይሁን» እኛ ጋ ትልቅ ቃል ነው። ሽማግሌ በእኔ ይሁን ካለ የተጣላ ይታረቃል፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ብር የጎደለው ሰው አንድ የሚያውቀው ነጋዴ በእኔ ይሁን ካለለት እህሉን ጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ልጁ ቢያምንሽ አይፈረድበትም፣ አስተዳደጉ እንደዛ ነው። ግን ሞዴል 19 ላይ ምን ምን እንዳለ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ያስረከበው ማነው፣ የተረከበው ማነው፣ ምን አይነት እቃ፣ ስንት፣ በስንት ብር፣ መቼ፣ ከዛ ፊርማ። በእኔ ይሁን የሚል መስመር የለውም። ኦዲተሩ ሲመጣ ያንቺን ቃል አያገኘውም፣ የሚያገኘው የልጁን ስም ነው፣ ጋሼም አሁን እየነገሩሽ ያሉት ይሄንኑ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ፣ ሃላፊው አሉ፣ ቡድን መሪዋ አለች፣ አቅራቢው አለ፣ ዱላው ግን ስምንት ወር የሰራው ልጅ ላይ ሊያርፍ ነው።

ይሄን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። 25 አመቴ አካባቢ አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ሂሳብ ክፍል እሰራ ነበር፣ ለስራ ደባርቅ ሄደን ሶስት ቀን ሰንብተን ተመለስን፣ የአበል ቅፁ ሲመጣ ግን አምስት ቀን ተሞልቶ ነበር። አለቃዬን ብጠይቀው «ፈርም ባክህ፣ በእኔ ይሁን» አለኝ፣ ፈረምኩ። በሁለተኛው አመት የኦዲት ግኝት ሆኖ ወጣ፣ አለቃዬ በዛን ጊዜ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ነበር፣ እኔ ከደሞዜ በየወሩ እየተቆረጠ ከፈልኩ፣ ፋይሌ ውስጥም የፅሁፍ ማስጠንቀቂያ ገባ። ብሩ አይደለም እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ። አንድ ቀን ፒያሳ አገኘሁት፣ ከሩቅ ጮሆ ጠርቶኝ አቅፎ ሳመኝ፣ ማኪያቶ ጋበዘኝ፣ ስለ ልጆቹ አወራኝ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ተሰናበተኝ፣ ስለዛ ነገር አንድም ቃል አላነሳም። መጀመሪያ አፍሮ ነው ብዬ ነበር፣ በኋላ ሳስበው ግን ጭራሽ ረስቶታል፣ ምክንያቱም የከፈለው ነገር የለማ። እኔ እያንዳንዷን ወር አስታውሳለሁ፣ እሱ ቃሉን ራሱ አያስታውሰውም።

ከዛ ደግሞ አመታት አልፈው እኔ አስተባባሪ ሆኜ፣ አንድ ሾፌር የነዳጅ ኩፖን ላይ ያልተኬደ ጉዞ እንዲሞላ ስነግረው፣ «ግድ የለህም በእኔ ይሁን» የሚለው ቃል ከገዛ አፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሾፌሩ ምንም አላለኝም፣ እስኪርቢቶውን ይዞ ዝም ብሎ አየኝ። እንደዛ አይቼ የማውቀው የራሴን ፊት ነው፣ ያኔ ቅፁ ፊት ቁጭ ብዬ። ወረቀቱን ተቀብዬው ቀደድኩት። ቅፁን ባልቀድ ኖሮ ማን ልሆን እንደነበር አሁንም ሳስበው ያስፈራኛል። ለዛ ነው አንቺ ላይ መፍረድ የማልችለው፣ ግን ዝም ልልሽም አልችልም።

አሁን ወደ ጋሼ እንምጣ። ጭንቀታቸውን አላቃልለውም፣ ሰኔ ላይ መስሪያ ቤት ውስጥ የሰራ ሰው ያውቀዋል። በጀት አመቱ ሐምሌ 1 ገብቶ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ያልሰራሽበት ብር ተመላሽ ይሆናል፣ በሚቀጥለው አመት ተጨማሪ ስትጠይቂ ያምናውን መቼ ጨረሳችሁት ትባያለሽ፣ ባለጉዳይ ደግሞ ከአዘዞ ባጃጅ ከፍሎ መጥቶ ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል ነገ ተመለስ ይባላል። ጋሼ ለመስሪያ ቤቱ አስበው ነው ያደረጉት ብትይኝ አምንሻለሁ። ግን እኮ መንገድ ነበረው፣ እቃው እስከ ሰኔ 30 ገብቶ ክፍያው ብቻ ሳይደርስ ቢቀር ያለፈውን አመት ክፍያ ለመጨረስ በሚሰጠው የችሮታ ጊዜ ሐምሌ ላይ ይከፈላል፣ እቃው ራሱ ካልገባ ደግሞ ብሩ ይመለሳል፣ አቅራቢው ስላዘገየ ተመለሰ ተብሎ ይፃፋል፣ በቃ። እናንተ ግን ሙሉውን ከፈላችሁት። ሙሉ ብሩን ኪሱ የከተተ ሰውዬ ምን አስቸኩሎት ያምጣላችሁ? ለምንስ 16 ጊጋ ያምጣ? አምስት ወር ሊሞላው ነው እኮ፣ መንገድ አምስት ወር ሙሉ አልተዘጋም። ኮምፒውተሮቹ የጠፉት ያን ቀን ልጁ ሲፈርም ነው፣ ከዛ ወዲህ አቅራቢውን የምትይዙበት ገመድ የላችሁም።

አንድ ብር አልወሰዱም ያልሽውንም ልብ በይ። ብዙ ሰው ሙስና ማለት ጉቦ መቀበል ብቻ ይመስለዋል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ግን በስልጣን ያላግባብ መገልገል የሚለው ላይ ለራስ ጥቅም ማግኘትን ብቻ አይደለም የሚያየው፣ ለሌላ ሰው ጥቅም ማስገኘትንም ያያል። ያላመጣውን እቃ ዋጋ የተከፈለው አቅራቢ ሌላ ሰው ነው። ያንቺ ጉዳይ እዛ ይደርሳል ወይ የሚለውን እኔ አልወስንም፣ መርማሪና ፍርድ ቤት አለ፣ ግን ኪሴ ባዶ ስለሆነ ምንም አይነካኝም ብለሽ እንዳትተኚ።

ክፉ ሰው አይደሉም ያልሽውን እቀበልሻለሁ፣ በእውነት። እኔ ግን በእድሜዬ ያየሁት ነገር ልቅሶ ላይ ደግ የሆነ ሰው ሁሉ ቢሮ ላይ ደግ አይሆንም። ልቅሶ ላይ የሚጠየቀው ጊዜ ነው፣ ብር ነው፣ አብሮ ማምሸት ነው፣ ጋሼ ይሄን ሁሉ አልነፈጉሽም። ቢሮ ላይ የሚጠየቀው ደግሞ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ማለት ነው፣ ለጡረታ ሁለት ሶስት አመት ለቀረው ሃላፊ ይሄ ከአርባ ቀን ልቅሶ ይከብዳል። ቢሯችሁ ግድግዳ ላይ 12ቱ የስነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል አይደል? የማይለጥፍ መስሪያ ቤት የለም፣ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልፅነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይቀጥላል፣ በአርአያነት መምራትም አለበት። ከ1993 ጀምሮ፣ ማለት የፌዴራሉ የስነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ከተቋቋመ ወዲህ፣ ስንቱ ሰራተኛ ነው ስልጠና ወስዶ እነዚህን በቃሉ የሸመደደው። አርአያነት ግን በስልጠና አልገባንም፣ ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን ምን አስፈረመው በሚለው ነው እርስ በርስ የተማማርነው። ጋሼ አንቺን አስተማሩሽ፣ አንቺ ልጁን አስተማርሽው፣ ልጁ ደግሞ ነገ ቡድን መሪ ሆኖ አንዱን ያስተምራል፣ አሁን ካልቆመ።

ውለታቸውን እርሺ አልልሽም፣ ውለታ ቢስ ሰው እኔም አልወድም። መልሺላቸው፣ ሲታመሙ አስታሚያቸው፣ በራስሽ ጊዜና በራስሽ ብር መልሺ። በዚህ ልጅ ደሞዝና ስም ግን አይመለስም፣ ያንቺ አይደለማ።

እንግዲህ ምን ታደርጊ። ሰኞ ጠዋት ጋሼ ቢሮ እንዳትገቢ፣ መጀመሪያ መጋዘን ሂጂ። ልጁን አታስጠሪው፣ ራስሽ ሂጂ፣ በሩን ገርበብ አድርጊና «ያን ቀን ስታንገራግር ልክ ነበርክ፣ ያስፈረምኩህ እኔ ነኝ፣ ይሄን ደግሞ በፅሁፍ አደርገዋለሁ» በይው። ይቅርታ በይው፣ አዎ፣ ቡድን መሪ ሰራተኛዋን ይቅርታ ብትጠይቅ አትዋረድም። ምናልባት ዝም ይልሻል፣ ምናልባት አያምንሽም፣ አንዴ በእኔ ይሁን ብለሽ ያየውን አይቷልና አትቀየሚው።

ከዛ ፃፊው። አንድ ገፅ ማስታወሻ ይበቃል፣ በምን ቀን ማን ምን እንዳዘዘሽ፣ አንቺ ማንን ምን እንዳዘዝሽ፣ እቃው ያኔ እንዳልገባ፣ እስከ ዛሬ ስንት እንደገባ። ቀኑ የተፃፈበት የዛሬው ቀን ይሁን፣ መዝገብ ቤት ቁጥር አሰጪው፣ ግልባጩ ለልጁ ይድረሰው፣ እሱ እጅ ላይ አንድ ወረቀት መኖር አለበት። እዚህ ጋ አደራ የምልሽ፣ ኦዲት ሳይመጣ እናስተካክለው የሚል ሰው ይመጣል፣ ቢን ካርዱን (መጋዘን የገባና የወጣ እቃ የሚመዘገብበትን ካርድ) ሰርዘን እንፃፈው፣ በድሮ ቀን የተመላሽ ወረቀት እንስራ፣ አምስት አሮጌ ኮምፒውተር እናስቆጥር ይሉሻል። እሺ እንዳትይ። የሰኔው ወረቀት ስህተት ነበር ብለሽ መናገር የምትችይው ሌላ ውሸት እስካልደረብሽበት ድረስ ነው፣ ሁለተኛውን ከፈረምሽ በኋላ አለቃዬ አዞኝ ነው የሚለው ነገር ራሱ አያወጣሽም።

ቆጠራ በኮሚቴ ይደረግ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ባለሙያ አስሩንም ከፍቶ ራማቸውን ይይ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ለአቅራቢው በደብዳቤ አምስቱን እንዲያስገባ፣ አስሩን እንደ ውሉ እንዲቀይር ይጠየቅ፣ የውል ማስከበሪያ፣ ማለት ውሉን ባይፈፅም የሚወሰድበት ዋስትና፣ አስይዞ ከሆነ ህግ ክፍል ቶሎ ይየው፣ ቀኑ እንዳያልፍበት። ይሄ የተለመደ ስራሽ ስለሆነ አላረዝመውም።

ማስታወሻውን ከማስገባትሽ በፊት ግን ጋሼ ይስሙት፣ ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለባቸውም። ሰው በሌለበት ቁጭ ብለሽ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ለኔ ምን እንደሆኑ ያውቃሉ፣ አባቴ ሲሞት የቆሙልኝን አልረሳውም። ይሄ ልጅ ግን እኔ ፈርም ስላልኩት ነው የፈረመው፣ እኔም እርስዎ ስላሉኝ ነው። እሱ ላይ እንዲያርፍ አልተውም። እኔ ያደረግኩትን ፅፌያለሁ፣ እርስዎም ያዘዙትን ቢፅፉ ለሁላችንም ይሻላል፣ አብረን እንቁም» በያቸው። አታልቅሺ አልልሽም፣ ማልቀስ ከመጣብሽ አልቅሺ፣ ግን ወረቀቱን ከማስገባት ወደኋላ እንዳትመለሺ። ሊቆጡ ይችላሉ። ምናልባትም ደግሞ፣ ይሄን ተስፋ አልቆርጥበትም፣ አንድ ሰው እንዲላቸው ሲጠብቁ የቆዩት ይሄንኑ ሊሆን ይችላል፣ ትልቅ ሰው ስህተት ላይ ሲወድቅ ዙሪያው ያለው ሁሉ እያከበረው ዝም ስለሚለው እኮ ነው ብዙ ጊዜ መውጫ የሚያጣው።

እምቢ ካሉ የውስጥ ኦዲት አለ፣ የስነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ፣ ከዛ አልፎ የክልሉ ኮሚሽን አለ። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ህግም አለ፣ ግን እሱ ከባድ ቅጣት ላላቸው ወንጀሎች ስለሆነ የወጣው ሁሉን ይሸፍነኛል ብለሽ አትደገፊበት፣ ህግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። አንቺን ራስሽንም ሊነካሽ ይችላል፣ ማስጠንቀቂያ ሊሰጥሽ ይችላል፣ ከቡድን መሪነት ልትነሺ ትችያለሽ፣ የጎደለውን ክፈሉ ከተባለ ድርሻሽ ሊደርስሽ ይችላል። ምንም አይደርስብሽም ብዬ ልልክሽ አልፈልግም። ኦዲተሩ ሳይደርስ በራስ አንደበት መናገርና ተይዞ መናገር ግን በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ አንድ ተደርጎ አይታይም።

ሰርጉን በተመለከተ፣ ሂጂ። ሙሽራዋ ምንም አላደረገችሽም፣ ሚዜነትሽ ለሷ ነው። ጋሼ ከተቀየሙሽ እሷን ቀድመሽ በስልክ አናግሪያት፣ «ከአባትሽ ጋር የስራ ጉዳይ አለን፣ ካልከበደሽ ሚዜሽ ነኝ፣ ከከበደሽ ደግሞ ይገባኛል» በያት፣ እሷ ትምረጥ። ሚዜነቱ ቢቀር እንኳ እንደ ማንኛዋም ዘመድ ሄደሽ ጋሼን ከወገብሽ ዝቅ ብለሽ ሰላም በያቸው፣ ፊታቸውን ቢያዞሩም በያቸው።

ልጁ ምን እንዳለሽ ግን ፃፊልኝ።